ለጊታር የተላከ ሽማግሌ

እኔ ሙዚቃ አልችልም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ «ይሄ ሰውዬ ምን አውቆ ነው?» እንዳትሉኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ የመዝሙር አስተማሪያችን «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብላኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ያውም አሁን እኔው ራሴ መምህር ሆኜ። ቡታጅራ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ላጤ ነኝ። ላጤነቴን ለማንም ማውራት አልወድም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሱ በኩል ስለሆነ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ነገሩ የጀመረው እንሴኖ ከተማ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ ነው። ክትፎው ቀርቧል፣ ጭፈራው ደርቷል፣ ድንኳኑ ሊነቀል ምንም አልቀረው። ባንድ ተብሎ የመጣው ዘፋኝ፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ጊታር ነው። የዘንድሮ ኪቦርድ ብቻውን ከበሮውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ማሲንቆውንም ይጫወታል፤ ባለቤቱ ጣቱን አንስቶ ለስላሳ ሲጠጣ እንኳ ሙዚቃው አይቋረጥም። ከጎኑ አንድ ቀጭን ሰው ቦክስ ጊታር ታቅፎ ቆሟል። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለጌጥ ያቆሙት ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ መብራት ሄደ።

መብራት መሄድ በእኛ አገር ዜና አይደለም። ኪቦርዱ ድርቅ አለ፣ ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ቀረ፣ ከወዲያም ከወዲህም «ጄኔሬተር አስነሱ እንጂ» የሚል ድምፅ ተነሳ። በዚያ መሀል ቀጭኑ ሰው አላቆመም። ምናልባት መብራት መሄዱንም ልብ አላለው ይሆናል፤ ለእሱ ድሮም የመጣለት መብራት አልነበረም። ያን ጊዜ ሰማሁት። አይቸኩልም። አንዷን ድምፅ ያነሳታል፣ ትንሽ ያቆያታል፣ የምትሄድበትን ካየላት በኋላ ይለቃታል። በጉራጊኛው ጥድፊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዜማ ተቀብሮ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የያዝኩትን ጉርሻ መዋጥ ረሳሁ። ከጎኔ ያሉ ሽማግሌ «አነቀህ እንዴ?» ብለው ጀርባዬን መቱኝ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ኪቦርዱ ጮኸ፣ ሰውየውም ተመልሶ ጌጥ ሆነ። እኔ ግን አንዴ ሰምቻለሁና ያለቀልኝ ሰው ነኝ።

ስሙ ደግፌ ይባላል። የወልቂጤ ልጅ ነው፤ ቡታጅራ ቤት ተከራይቶ በየሠርጉ ይጫወታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ የሚጫወትበት ሠርግ ላይ ሁሉ መገኘት ጀመርኩ። ተጠርቼ እንዳይመስላችሁ። ሳይጠሩት ሠርግ መግባት ደግሞ እንደሚወራው ከባድ አይደለም። የወንድ ወገን የሴት ወገን ይመስላቸዋል፣ የሴት ወገን የወንድ። ልብስህ ንጹሕ ከሆነና ስትገባ ቸኩለህ ከተሳሳምክ ማንም አይጠይቅህም። አንድ ጊዜ ብቻ ችግር ገጠመኝ፤ የሙሽሪት አጎት ነው ተብዬ ምረቅ ተባልኩ። መረቅሁ። ምን ላድርግ? ልጅ ወልደዋል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ታዲያ በእነዚህ ሠርጎች ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር ደግፌን ለመስማት ጆሮ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ከድምፅ ማጉያው ርቆ፣ ከመድረኩ ጀርባ፣ ወጥ ቤቱ አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። እዚያ ቆሜ ሳዳምጥ ገባኝ፦ ደግፌ ከዘፋኙ ጋር አይሽቀዳደምም። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ በዚያች ክፍተት ገብቶ መልስ ይሰጠዋል። ዘፋኙ «ሄደች» ካለ ጊታሩ «ወዴት?» ይላል። ሰው የሚጨፍረው በኪቦርዱ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ሳያውቀው የሚያንጎራጉረው ግን የደግፌን ነው። ይህን ለሰው ሳስረዳ «መምህር፣ የትኛው ነው ደግሞ ጊታሪስቱ?» ይሉኛል። እናደዳለሁ። ስለ ደግፌ ስናገር የሚያዩኝ የአስተማሪዎች ማረፊያ ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ፀሐይ ፍለጋ መውጣት ልማድ አድርገዋል።

እንዲህ እያልን ክረምት ገባ። ክረምት ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ሙዚቀኛ ሥራ የለውም። መስቀል ሲቃረብ ደግፌን አንድ ጁስ ቤት አገኘሁት። ከሰላምታ የዘለለ ወዳጅነት ፈጥረናል፤ አነጋገሩ እንደ አጨዋወቱ ነው፣ በመሀል ብዙ ዝም ይላል።

«ልሄድ ነው» አለኝ።

«የት?»

«አዲስ አበባ። ታላቅ ወንድሜ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ከመስቀል በኋላ እዚያ ግባ ብሎኛል አባቴ። ‹ጊታር ሥራ አይደለም› አለኝ።»

«ጊታሩስ?»

«አባቴ ቤት አስቀምጨዋለሁ። ለብርድ ልብስ አያስፈልግም።»

ይህን ሲል ፈገግ አለ። እኔ ግን የአቮካዶ ጁሴን ገፋ አደረግሁት። በእኛ አገር ሰው የፈለጉትን ይሰደባል፤ «ሥራ የለውም» ከተባለ ግን አለቀለት። አባት እንዲህ ካለ ጉዳዩ በጓደኛ ምክር የሚመለስ አይደለም። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ዘመድ እንደተቀማ ሰው ሆኜ ነው።

አከራዬ ጋሽ መርጊያ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። ነገርኳቸው። ጋሽ መርጊያ በከተማው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ ስንት ትዳር አገናኝተዋል፣ ስንት የወሰን ጠብ አብርደዋል። ጥቂት አሰቡና «አባት የሚለመነው በሽማግሌ ነው» አሉ። «ለዚህ ነው ሽማግሌ የተፈጠረው። ተወው ለእኛ።»

ተውኩት። ብልህ ሰው ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ጋሽ መርጊያ፣ ለጊታር ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል ወይ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

ሦስት ሆኑ። አንደኛው ራሳቸው ጋሽ መርጊያ፤ ሁለተኛው ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነስሩ፤ ሦስተኛው ጋሽ ሽኩር። ጋሽ ሽኩር ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ለሽምግልና የሚፈለጉት ለጺማቸው ነው። እንደዚያ ያለ ጺም ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል ይባላል። እኔም አብሬ ልግባ ብል ጋሽ መርጊያ ከለከሉኝ። ባለጉዳይ አብሮ አይገባም። እውነታቸውን ነው፤ ባለጉዳዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ እሱን ማጋነን አይመችም።

እሁድ ጠዋት ሦስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እኔ ከኋላ ተኮራምቼ፣ በሚኒባስ ወልቂጤ ገባን። እነሱ ወደ አቶ ዘበርጋ ቤት ሄዱ፤ አቶ ዘበርጋ የደግፌ አባት ናቸው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ሦስቱም ፊታቸው በርቷል።

«እንዴት ሆነ?»

«ምን ያለ ጨዋ ቤት ነው!» አሉ ጋሽ መርጊያ። «አልተቀመጥንም፣ አልበላንም፣ ደንቡን ጠብቀን ቆምን። እሳቸውም ደንብ ያውቃሉ። ‹ለምን መጣችሁ› ብለው አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርናቸውም።»

«አልነገራችኋቸውም?»

«በመጀመሪያ ቀን አይነገርማ። በመጀመሪያ ቀን የሚኬደው ለመታየት ነው። ‹ከዘመድ እንመካከርና በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ› ብለውናል።»

«ጉዳዩን ሳይሰሙ ስለ ምን ነው የሚመካከሩት?»

ጋሽ መርጊያ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለ ሽምግልና ሲጠይቃቸው ደስ አላላቸውም። ሐጂ ነስሩ ግን «የላከን አንተ መሆንህን ስንነግራቸው ስላንተ ብዙ ጠየቁን» አሉኝ። «የማን ልጅ ነው፣ ከየት ነው፣ ሥራው ምንድን ነው፣ ይጠጣል ወይ አሉ። አላህ ይወቀው፣ እኛ አይጠጣም ብለናል። አንተ ለልጃቸው ወዳጅ ስለሆንክ ማወቅ ፈልገው ነው።»

እኔም እንደዚያው መሰለኝ። እንዲያውም «እንዴት ያለ ጠንቃቃ አባት ነው፤ የልጁን ጓደኛ እንኳ አጣርቶ ነው የሚያውቀው» ብዬ አደነቅኋቸው። የሰው ልጅ ሞኝ ሲሆን ለሞኝነቱ ምክንያት አያጣም።

ማክሰኞ እናቴ ከአገር ቤት፣ ከቸሃ ደወለች። እናቴ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ወይም ላም ስትወልድ ስለሆነ ደነገጥኩ። በቋንቋችን ነው የምናወራው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነበር፦

«አንተ ልጅ፣ ለእናትህ ይደበቃል?»

«ምኑ?»

«ቅቤ የምትሸጠዋ ወልቂጤ ገበያ ሰምታ መጥታ ነገረችኝ። የዘበርጋን ልጅ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋን። ሽማግሌ ልከህ የለም እንዴ? እኔ ምን ከፋኝ? ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ደህና ቤት ነው። በሕይወቴ ሳላየው ልቀር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።» ከዚያ ድምጿ ተቀየረና ማልቀስ ጀመረች። የደስታ ነው።

እናቴን አቋርጬ «የለም፣ እኔ የላኩት ለጊታር ነው» ማለት አቃተኝ። እናንተስ ብትሆኑ እንዴት ብላችሁ ትሉታላችሁ? «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እኔ የደግፌ እህት መኖሯን እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር።

ሮጬ ጋሽ መርጊያ ዘንድ ገባሁ። ሰምተው ሲያበቁ ጺማቸውን ደባበሱ፤ ጺም የላቸውም፣ ከጋሽ ሽኩር የተማሩት ይመስለኛል።

«ለነገሩ ትክክል ናቸው» አሉ። «ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ፣ እሁድ ጠዋት፣ ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ ሄዶ፣ ያላገባ መምህር ልኮን፣ ቤቱ ደግሞ ያላገባች ልጅ ካለች፣ ሌላ ምን ይሉታል?»

«ታዲያ ሄደን ተሳስተናል እንበላቸዋ።»

ጋሽ መርጊያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንደሱማ አይባልም። ነገ ሰው የሚለው ‹ሽማግሌ ልከው፣ ልጅቷን አጣርተው፣ ነገር አግኝተውባት ተዉአት› ነው። የሰው ልጅ ስም ነው፣ መምህር። አባትየውም ከዚያ በኋላ ቡታጅራ የሚባል ነገር መስማት አይፈልጉም፤ ያንተን ጊታርማ ተወው።» ከዚያ «ልጅቷ ግን ጥሩ ናት ይባላል» ብለው ጨመሩ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገባሁ። ዝም ብል አንዲት የማላውቃት ሴት ታጭታልኛለች። ብናገር የልጅቷ ስም ይጎድፋል፣ ደግፌም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይቀራል። እስከ ቅዳሜ እህል አልበላሁም ብል ውሸት ነው፤ የበላሁት ግን አልታወቀኝም። ተማሪዎቼን አዋሽን ጊቤ ውስጥ አፈሰስኩባቸው።

ደግፌን ፈልጌ ስነግረው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ወይንሸት ታውቃለች?» አለ። ወይንሸት እህቱ ናት። «ለእሷ ንገራት፤ ለአባቴ ከመንገርህ በፊት» አለኝ። እኔም በመጨረሻ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ምክር አገኘሁ።

ቅዳሜ ወልቂጤ መድኃኒት ቤቱ ስደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ዓይኗ ከደግፌ ዓይን የተቀዳ ሴት ባንኮኒው ጀርባ ቆማለች።

«ምን ነበር?» አለችኝ።

«ለራስ ምታት» አልኩ፣ እስክደፋፈር ድረስ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከማክሰኞ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የእኔም ከማክሰኞ ነው» አለች። «አባቴ የነገረኝ ማክሰኞ ነው። ወንድሜ ስልክ ላይ ፎቶህን አይቻለሁ፤ ፎቶው ላይ ፀጉር ነበረህ።»

ከጎኔ የዓይን ጠብታ የሚጠብቁ አንዲት እናት ነበሩ፤ ጠብታውን ትተው እኛን ያዩ ጀመር።

«እንድታውቀው ብዬ ነው» አለች ወይንሸት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የማገባው ሰው አለ። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ከመስቀል በኋላ ነበር። አንተ ቀደምከው። አባቴ ደግሞ ለመጀመሪያው ሽማግሌ ክብር ይሰጣል። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔ የላክሁት ለጊታር ነው» አልኩ።

«ለምን?»

«ለጊታር። ወንድምሽ ጊታሩን እንዳይተው አባትሽን እንዲለምኑልኝ።»

የያዘችውን መድኃኒት አስቀመጠች። ከዚያ ግንባሯን ባንኮኒው ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። ቀጥሎ ደግሞ እውነቷን አለቀሰች። እናትየው «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተባት?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ እማማ፣ ሰው ተረፈላት» አልኳቸው።

እንባዋን ስትጠርግ ፊቷ ሌላ ሰው ሆነ። የእኔም ደረት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ። እንዲህ በደስታ እምቢ የተባልኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም።

«ነገ አንተው ራስህ ግባ» አለችኝ። «በሽማግሌ አፍ ከሆነ ስለ ዝናቡ ተጀምሮ፣ ስለ ከብቱ ታልፎ፣ መጨረሻው እኔን መዳር ነው። ስለ እኔ ስም አትጨነቅ፤ ሁሉም ዘመድ ባለበት ከተናገርከው ሐሜት አይኖረውም። ሐሜት የሚወለደው ሹክ ሲባል ነው።»

«አባትሽ ይቆጡ ይሆን?»

«ይቆጣል። ቁጣው ግን አጭር ነው፤ ረጅሙ ዝምታው ነው።»

እሁድ እንደ ደንቡ ሳይሆን እንደ ጭንቀቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባሁ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ብርድ ልብሱ ወንድም ሳይቀር አለ። በግ ታርዷል። ለሐጂ ነስሩና ለጋሽ ሽኩር ደግሞ ጎረቤት ያሉ ሙስሊም ሰው ተጠርተው ሌላ በግ ለብቻው አርደዋል፤ እንዲህ ያለ ክብር ነው የጠበቀን። የታረደ በግ እንደማይነሳ ሳስብ ላብ አጠመቀኝ።

ባለጉዳዩ ራሱ ሲገባ ያዩ አንዲት አሮጊት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ደግፌ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጊታሩ ከኋላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቶ ዘበርጋ ረጅም፣ እጃቸው ሰፊ፣ ድሮ እንሰት ሲቆፍሩ ኋላም ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጋሽ መርጊያ «መምህሩ ይናገራል» ብለው እንዲያበቁ ተስማምተን ነበር የመጣነው። ግን ሕዝቡን ሲያዩ አልቻሉም። «ዘንድሮ ዝናቡ» ብለው ጀመሩ። ጋሽ ሽኩር «አሜን» አሉ። ዝናቡ አልቆ ወደ ከብቱ ሲሻገሩ ወይንሸት ከጓዳ በር በኩል አየችኝ። ተነሳሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «አቶ ዘበርጋ፣ ልጅዎ ወይንሸት የተከበረች ናት፤ ማንም የሚመኛት ናት። ግን እኛ የመጣነው ስለ እሷ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጉዳያችንን ሳንናገር ተመለስን። የመጣነው ስለ ደግፌ ጊታር ነው። ደግፌ ጊታሩን ትቶ ሱቅ እንዳይገባ ልንለምንዎት ነው።»

ከግቢው የድስት ክዳን ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ለጊታር» አሉ አቶ ዘበርጋ።

«አዎ።»

«ከቡታጅራ።»

«አዎ።»

«በሽማግሌ።»

«አሜን» አሉ ጋሽ ሽኩር።

አቶ ዘበርጋ ተነሱ። ከመናኸሪያው ስንት ሰዓት ላይ ሚኒባስ እንደሚነሳ ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ጊዜ ሐጂ ነስሩ ገላገሉኝ። «አቶ ዘበርጋ፣ ይቀመጡ፣ በአላህ» አሉ። «እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ዘፈን ደግሞ እኔን ምኔም አይደለም። ግን ይህ ልጅ ስለ ልጅዎ ጊታር ሲናገር አይቼዋለሁ። ሰው ለሚስት እንኳ እንዲህ አይለምንም። አንድ ነገር ቢኖረው ነው ብዬ መጣሁ።»

አቶ ዘበርጋ ተቀመጡ። ዝምታው መጣ፤ እንደተነገረኝ ረጅም ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔ አንድ ሠርግ ላይ አይቼሃለሁ» አሉት። «አላወቅህም። ከኋላ ነበርኩ። እጅህ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅህ አይሰማም። ልጄን ለጌጥ አቁመውታል ብዬ አፍሬ ሳልበላ ወጣሁ። ሱቅ ግባ ያልኩህ ለዚያ ነው። ሰው በሙሉ ጤናው ጌጥ ሆኖ ሲኖር ማየት አልቻልኩም።»

ደግፌ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ፤ እንሴኖ ላይ እኔም ለጌጥ ያቆሙት መስሎኝ ነበርና።

«እስቲ አውርደው» አሉ አቶ ዘበርጋ።

ደግፌ ጊታሩን አወረደ። ክሩን ሲያስተካክል ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ገና ከድንጋጤው አልወጣም። ከዚህ የተሻለ አድማጭ በየትኛውም አዳራሽ አይገኝም። ኪቦርድ የለም፣ ማይክ የለም፣ የሚጨፍር የለም።

መጫወት ጀመረ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚያዜሟት አንዲት ዜማ ናት፤ እናቴም ታዜማታለች። ግን እንደዚያ ቀስ ብላ ሰምቻት አላውቅም። አንዷን ድምፅ አስቀመጠና ጠበቃት። ሌላዋን ከእሷ ቀጥሎ አስቀመጠ። በመሀል የተወው ዝምታ እንኳ የዜማው ወገን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳ አንዲት ሴት በአፍንጫዋ ተቀበለችው፣ ከግቢው ሌላዋ፤ እናቱ መሰለችኝ። አንዷም ድምፅዋን ከእሱ በላይ አላወጣችም። ባለ ብርድ ልብሱ ወንድም ስልኩ ሲጠራ ሳያየው አጠፋው። ያኔ ነው እኔ ለወራት ወጥ ቤት አጠገብ ቆሜ ብቻዬን የሰማሁትን ነገር ሌላ ሰው ሲሰማው ያየሁት። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እብድ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

ሲያበቃ አላጨበጨቡም፤ ቤት ውስጥ አይጨበጨብም። ጋሽ መርጊያ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጋሽ ሽኩር አሜን አላሉም።

አቶ ዘበርጋ ወደ ትልቁ ልጃቸው ዞረው «ለሱቁ ሌላ ሰው ፈልግ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተ ግን ዋስ ትሆናለህ። ሽማግሌ ልከህ የወሰድከው ነው። በሄደበት ሠርግ ሁሉ እንዲሰማ ታደርጋለህ። ካልተሰማ የምጠይቀው አንተን ነው።»

«እሺ» አልኩ። ሚስት ልጠይቅ መጥቼ አልነበረም፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት አማትም፣ ዋስትናም፣ ኃላፊነትም አገኘሁ። ሚስት ብቻ ቀረችኝ፤ ለእሱም ተመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ? በጎቹ በከንቱ አልሞቱም። ሽማግሌዎቹ ሁለት እሁድ የታገሡትን በአንድ ቀን ካሱት። ወይንሸት ሳህን ስታቀርብልኝ አንድ ፍሬ የራስ ምታት ክኒን ከጎኑ አድርጋ አመጣችልኝ፤ አላስፈለገኝም። አንድ አክስት «ታዲያ ይህች ልጅ እንዲሁ ልትቀር ነው?» ብለው ሲጠይቁ እሷው «ከመስቀል በኋላ ይመጣል፤ እሱ የሚመጣው ግን ለእኔ ነው» ብላ ቤቱን አሳቀችው። አባትየው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ይህ በእሳቸው ቤት ፈቃድ ነው ተብያለሁ።

እናቴ ጋ ከግቢው ጥግ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳት። «እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች። «ለአማቶችህ ያልኩትን ቅቤ ግን ልኬያለሁ። ሰዎቹ ይብሉት፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው።» እናቴ እንዲህ ናት። አገር ቤት ስገባ በደንብ ትቆጣኛለች፤ ቢሆንም ትንፋሼ ተመለሰልኝ።

መሄጃችን ሲደርስ አቶ ዘበርጋ እስከ በሩ ሸኙን። ደግፌም ጊታሩን ይዞ ከእኛ ጋር ሊመለስ ነው። ሊሰናበቱት ግራ እጁን ያዙት፤ ቀኙ ጊታሩን ይዟል። ይዘውት አልለቀቁትም። መዳፉን ገልብጠው የጣቶቹን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። የጊታር ክር ሲጫን ኖሮ የደነደነ ቆዳ ነው።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉት።

«ቆይቷል አባባ።»

አቶ ዘበርጋ እጁን እንደያዙ ወደ ቤት ዞረው ሚስታቸውን ጠሩ።

«ነይ እስቲ፣ ይህን ልጅ እጁን ንኪው» አሏት። «ሲሠራ ነው የኖረው።»